ካርታው ከግብፅ መጣ ያለው ማን ነው?

«ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል እንደገና እንዳስብበት ያደረገችኝ ኮሌጅ የገባች የእህቴ ልጅ ናት። ጓደኞቿ ለልደቷ የሰጧትን ሣጥን አንድ እሑድ ከቡና በኋላ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሣጥኑ ላይ ፒራሚድና የቀበሮ ራስ ያለው የግብፅ አምላክ በወርቅ ቀለም ታትሟል። ውስጡ የታሮት ካርታ ነው። እናቷ ገና ስታየው አማተበችና «ይኼን ጥንቆላ ከቤቴ አውጪልኝ» አለች። ልጅቱም «እማዬ፣ ይኼ እኮ የፈርዖኖች ጥበብ ነው፤ የአፍሪካ ነው፤ የእኛም ነው» ብላ ተከራከረች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው በአንድ ድምፅ «እስቲ ንገራት!» አሉኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ዝም አልኩ። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃውን እንወቀው። የታሮት ካርታ በቁጥር 78 ነው። 56ቱ እንደምናውቀው መጫወቻ ካርታ በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲምና በትር። እያንዳንዱ ምድብ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር፣ በተጨማሪም አሽከር፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥትና ንጉሥ አለው። የቀሩት 22ቱ ከምድብ ውጭ የሆኑ ሥዕሎች ናቸው፤ ሞኙ፣ አስማተኛው፣ የዕድል መንኰራኵር፣ ሞት፣ ግንብ፣ ፀሐይ፣ የመጨረሻው ፍርድና ሌሎችም። ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ የምናየው የግብፅ ታሮት፣ የድመት ታሮት፣ የቴሌቪዥን ድራማ ታሮት ሁሉ ይህንኑ አጽም ይዞ ልብስ የቀየረ ነው። አጽሙ አንድ፣ ልብሱ ብዙ።

አጽሙስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ታሪኩ የእህቴን ልጅ በግማሽ ትክክለኛ ያደርጋታል። መጫወቻ ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከእስላሙ ዓለም ሲሆን፣ ዋናው ምንጭ ማምሉኮች ይገዟት የነበረችው ግብፅ እንደሆነች ይታመናል። የማምሉኮች ካርታ ዛሬ ኢስታንቡል በሚገኘው የቶፕካፒ ቤተ መዘክር ውስጥ ይታያል። ምድቦቹ ጽዋ፣ ሰይፍ፣ ሳንቲምና የፖሎ ጨዋታ ዱላ ናቸው። ፖሎ የማያውቁት አውሮፓውያን ዱላውን ተራ በትር አድርገው ሣሉት። ታሮት ውስጥ ያለው በትር የካይሮ ፈረሰኞች የጨዋታ ዱላ ነበር ማለት ነው።

22ቱ ሥዕሎች ግን ጣሊያን የጨመረቻቸው ናቸው። «ትሪዮንፊ»፣ ማለትም ድል አድራጊዎች፣ ይባሉ ነበር፤ ሥራቸውም ሌሎቹን ካርታዎች መብላት ነበር። ስማቸው በ1440 ፍሎሬንስ ውስጥ በጽሑፍ ይገኛል። ለሚላኖ መሳፍንት በወርቅ ተለብጠው የተሠሩትም በዚያው መቶ ዓመት አጋማሽ የተሣሉ ናቸው። ይህ ዘመን ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን የሃይማኖት ተወካዮች በዚያችው ፍሎሬንስ በጉባኤ ተገኝተዋል። አገር ቤት ደግሞ በጠንቋይና በመተተኛ ላይ ጨክነው የተነሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነግሠው ነበር። ጣሊያኖቹ ግን በዚያን ጊዜ በታሮት የሚጫወቱበት እንጂ የሚጠነቁሉበት አልነበሩም። ፈረንሳይ ውስጥ ዛሬም ድረስ ታሮት የብዙ ሰው ተራ የካርታ ጨዋታ ነው።

ታዲያ ፈርዖን ከየት መጣ? ከፓሪስ! በ1781 አንትዋን ኩር ደ ጄብላን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ታሮት ከጥፋት የተረፈ የግብፅ ካህናት መጽሐፍ ነው ብሎ ጻፈ። ውድ አንባብያን፣ ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ሻምፖሊዮን የግብፅን ጥንታዊ ጽሕፈት የማንበብ ቁልፍ ያገኘው በ1822 ነው። ጄብላን አንድ ቃል እንኳን ማንበብ በማይቻልበት ዘመን ስለ ግብፅ በሙሉ ልብ መሰከረ፤ የሚያስተባብለውም አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ኤቴላ የሚል የብዕር ስም የያዘ የፓሪስ ነጋዴ ለጥንቆላ ብቻ የተዘጋጀ «ግብፃዊ» ካርታ አሳትሞ ሸጠ። በእኔ ግምት የጭብጥ ታሮት ገበያ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ተረት በማስረጃ ያፈረሰው የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ማይክል ዳሚት ነው። በ1980 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ታሮት ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል በመሠረቱ ጨዋታ እንደነበረ አሳየ። ዳሚት እንግሊዝ አገር ዘረኝነትን በመታገልና ለስደተኞች መብት በመከራከርም የታወቀ ሰው ነበር። ስለዚህ የግብፅን ተረት ያፈረሰው አፍሪካን ስለናቀ ነው የሚል ካለ አያዋጣውም።

እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ካርታው ከግብፅ ጋር እውነተኛ ዝምድና ነበረው። ነገር ግን ያ ዝምድና ከእስላሟ ካይሮ፣ ከባለሙያዎቿና ከነጋዴዎቿ ጋር ነበር። አውሮፓዊው ሊቅ ይህ አልጣመውም። የሚጣፍጠው ግብፃዊ የሞተው፣ የማይናገረውና የማይከራከረው ነበር። እኛም አንዳንዴ ይህን ሙገሳ ስንሰማ ማን ሰጠን ብለን ሳንጠይቅ ደረታችንን እንነፋለን።

ወደ ካርታዎቹ እንለፍ። ጭብጥ ያለውን ታሮት የምመዝንበት ሦስት ጥያቄ አለኝ። ልብሱ ከአጽሙ ጋር ይስማማል? ዓይንን አዲስ ነገር ያሳያል? የማን እንደሆነስ በሐቅ ይናገራል?

በ1909 ለንደን የታተመውና ዛሬ በዓለም ላይ በጣም የታወቀው ካርታ ሁለቱን ጥያቄዎች በሚገባ ያልፋል። ሐሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ነው። ከዚያ በፊት አምስት ጽዋ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጽዋ ብቻ ነበር። እርሷ ግን ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው ሣለች፤ ፊቱን ወደ ተደፉት ሦስት ጽዋዎች አዙሮ ቆሟል፤ ሁለት ጽዋዎች ግን ሳይደፉ ከኋላው አሉ። ስንቱ ስደተኛ ነው እንዲህ የቆመው! በሦስተኛው ጥያቄ ግን ይወድቃል። ካርታው ለረጅም ዘመን በአሳታሚውና በዌይት ስም «ራይደር-ዌይት» ሲባል የሠዓሊዋ ስም ተዘሎ ኖሯል። እርሷም በ1951 በድህነት አረፈች። ስሟ ከካርታው ጋር በሰፊው መጠራት የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

አሌስተር ክራውሊ ያቀደውና ፍሪዳ ሃሪስ ከ1938 እስከ 1943 የሣለችው «ቶት» የተባለው ካርታ ሥዕሉ ኃይለኛ ነው። ስሙ ግን የጄብላን ተረት ወራሽ ነው፤ ቶት የግብፃውያን የጽሕፈት አምላክ ነውና። ካርታው በወጉ ታትሞ የወጣው ሁለቱም ከሞቱ በኋላ፣ በ1969 ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በቪኪ ኖብልና በካረን ቮግል የተሠራው የ1980ዎቹ መጀመሪያ «ማዘርፒስ» ክብ ነው። ካርታው ክብ በመሆኑ ቀጥ ወይም ግልብጥ ብቻ ሳይሆን ዘመምም ይላል፤ ስለዚህ ቅርጹ ራሱ አነባበቡን ይለውጣል። ጭብጡ ሴቶች ናቸው። የሚነሣበት ጥያቄ ምስሎቹን ከብዙ ሕዝቦች ባህል በአንድ ላይ መልቀሙ ነው። የ1992ቱ «የኒው ኦርሊንስ ቩዱ ታሮት» ደግሞ አራቱን ምድቦች ሰርዞ ከሄይቲና ከኩባ በመጡ የመንፈስ ወገኖች ተክቷቸዋል። እምነቱን ባልቀበልም ለጭብጡ የተለፋበት ሥራ መሆኑን እመሰክራለሁ። ሳልቫዶር ዳሊም በ1984 በወጣው ካርታ አስማተኛውን በራሱ መልክ፣ እቴጌይቱን በሚስቱ በጋላ መልክ ሣላቸው። የዳሊ ጭብጥ ዳሊ ነው፤ ቢያንስ አልደበቀውም።

የእህቴ ልጅ ሣጥን ከእነዚህ ጋር ሲመዘን ይቀልላል። ውስጡን ሳገላብጠው የ1909ኙን ሥዕሎች ነው ያገኘሁት፤ ሰዎቹ ብቻ የፈርዖን ቆብ ደፍተዋል። ጥቁር ካባ የለበሰው ሰውዬ እንኳን ከነሦስቱ የተደፉ ጽዋዎች አለ። አብሮት ያለው መጽሐፍ ግን «የአምስት ሺህ ዓመት ጥበብ» ይላል።

«ታዲያ ለምን እውነት ይናገራል?» የሚል አይጠፋም። በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር በ1949 ያሳተመው ሙከራ አለ። ለተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጥቶ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አደላቸው። ተማሪዎቹ ግን እያንዳንዳቸው «የእኔ ነው» ብለው በማመን በአማካይ ከ5 4.26 ነጥብ ሰጡት። ሰፊ ልብስ ለሁሉም ይሆናል። ካርታው ተበውዞ የተደረደረ ወረቀት ነው፤ ትርጉሙን የምናመጣው እኛ ነን።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለእኛም ስለሚመጣ ነው። አንድ ቀን ላሊበላንና ንግሥተ ሳባን የለበሰ ታሮት «የኢትዮጵያ ጥንታዊ ምስጢር» ተብሎ ሊሸጥልን ይችላል። እኛ ዘንድ አውደ ነገሥት አለ። እርሱ የሚሠራው የሰውዬውን ስምና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ፣ በ12 ገድፎ፣ ኮከብ በመፈለግ ነው። እመኑበት ማለቴ አይደለም። የራሱ መንገድና የራሱ ታሪክ ያለው ነገር መሆኑን ግን እናውቅለት። የጣሊያንን ጨዋታ ጥበብ ልብስ አልብሶ የእኛ ነው ማለት ጄብላን ግብፅን ያደረጋትን እኛ ራሳችንን ማድረግ ነው። አንድ ሠዓሊ ግን «አጽሙ የጣሊያን ነው፤ ሥዕሉን ዛሬ ቶሮንቶ ቁጭ ብዬ እኔ ሣልኩት» ካለ፣ ስሙም ሣጥኑ ላይ ካለ፣ ገዝቼ እሰጣታለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ለእህቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታ «ታዲያ ሣጥኑ ለምን ይዋሻል?» አለችኝ። ውሸቱ ከእውነቱ ይልቅ ስለሚሸጥ ነው አልኳት። ከዚያ የካይሮውን የፖሎ ዱላ ፎቶ አሳዪኝ ብላ ይሁን አሳየኝ፣ ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ አብረን ተደፋን። እናቷ ግን ከማጀት ሆና «ምንም ይሁን ምን፣ እኔ ቤት አይገባም» አለች። በቤቷ አዛዥ እርሷ ናትና ካርታው ወደ ኮሌጅ ተመለሰ።

ቸር ይግጠመን።