ፍሬኑ አልተበጠሰም፣ ተቃጥሎ ነው

ሌሊቱን እህል በረንዳ ጤፍ አራግፎ ንጋት ላይ ልደታ ጋራዣችን የገባ ባለተሳቢ መኪና አለ። ጎማ አውልቀን ስናይ ታምቡሩ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፣ ዙሪያውን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ወጥቶበታል። የፍሬኑ ሸራ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ሹፌሩ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ ፍሬን አጥቶ፣ ገደሉን ትቶ ተራራውን መርጦ፣ የመኪናውን ጎን ከአለቱ ጋር እያፋተገ ነው ያቆመው። እሱም ረዳቱም በሕይወት አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ያናደደኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። ባለንብረቱ በስልክ «ፍሬን በጥሶ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ። ጋራዥ ውስጥ የነበሩትም ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ተቀበሉት። ስልኬን ስከፍት ደግሞ አንዱ ለወጣት ሹፌሮች «ቁልቁለት ላይ ዜሮ ማርሽ አድርጉና ናፍጣ ቆጥቡ» ብሎ ይመክራል፤ ከሥሩ አመስጋኙ ብዙ ነው። ሰው የሚገድል ምክር ነው። ስለዚህ ሥራዬን አቁሜ በተራ ልጻፈው።

1. የተበጠሰ ነገር የለም። የፊተኛውን መኪና የአየር ቱቦዎች በሙሉ አይቻለሁ፣ ከኮምፕሬሰሩ እስከ መጨረሻው ጎማ ጤነኛ ናቸው። ሹፌሩም የአየር ጌጁ ሙሉ እንደነበር ነግሮኛል። በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ላይ አየር ቢጠፋ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዝ ጠንካራ ሞላ አለ፤ አየሩ ሲያልቅ ሞላው ይለቀቅና ጎማውን ጨምድዶ ያቆመዋል። ማለትም አየር ያለቀበት መኪና ይቆማል እንጂ አይሸሽም፣ አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ሞላውን በብሎን አስሮት ካልሆነ በቀር። የዚህ መኪና ችግር ሙቀት ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል። ሸራው ሲቃጠል ደግሞ መቆንጠጥ ይተዋል። ፔዳሉን ብትረግጠው አየሩ ይገፋል፣ ሸራው ይደርሳል፣ ግን የሚይዝ ነገር የለም።

2. ሙቀቱ ከየት መጣ ለሚል። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ መኪና አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 390 ሚሊዮን ጁል አካባቢ ነው። ይህ ከ1,000 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ጥቂቱን ንፋሱና አስፋልቱ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል ወይ ፍሬኑ። ሦስተኛ ተሸካሚ የለም። ይህ መኪና ደግሞ ከ40 ቶን በላይ እንደነበር የባሌስትራው ሁኔታ ይናገራል።

3. ዜሮ ማርሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሹፌሩ ራሱ ዜሮ አድርጎ ሲወርድ እንደነበር አልደበቀኝም። ለጉዞው የሚሰፈርለት ናፍጣ አለ፣ የተረፈው ለእሱ ነው። ልጅ ያለው ሰው ነው፤ ለምን እንዳደረገው ይገባኛል። የማይገባኝ ይህን ያስተማረው ሰው ነው።

ዜሮ ስታደርግ ሞተሩን ከጎማው ቆረጥከው ማለት ነው። ያን ሁሉ ጉልበት ፍሬኑ ላይ ብቻ ጫንከው። የሞተሩ ፍሬን የለም፣ የጭስ ማውጫውም ፍሬን አይሠራልህም፤ ሁለቱም የሚይዙት ማርሽ ሲኖር ነውና።

ናፍጣው ተቆጥቦ ቢሆን እንኳ በነፍስ ባልለወጥነው ነበር፤ ግን አልተቆጠበም! ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ላይ ስታነሳ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፣ ናፍጣው ደግሞ ይቋረጣል። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ብቻ ሳይሆኑ ፓምፕ ያላቸው አሮጌዎቹም እንዲሁ ናቸው። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ እየጠጣ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ያ መካሪ ስለ ሕይወትም ስለ ናፍጣም ተሳስቷል። ይህን ለሹፌሩ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለኝ።

ሌላም አለ። ፍጥነቱ ከበዛ በኋላ ማርሽ ላስገባ ብትል አይገባልህም። ካምቢዮው ይጮሃል እንጂ አይቀበልም። የእኛም ሰው ሞክሯል፣ ድምፁን ሲገልጽልኝ ገባኝ። ጀርመን አገር ሄርቦርን የምትባል ከተማ ውስጥ በ1987 እንደ ፈረንጆቹ ቤንዚን የጫነ ቦቴ ማርሽ አልገባ ብሎት፣ ፍሬኑ በቁልቁለት ግሎ ከከተማዋ መሐል ከሕንፃ ጋር ተጋጭቶ ነደደ፣ ሰዎች ሞቱ። ጀርመን ነው፣ መንገዱም ጥሩ ነው። ሙቀት አገር አይመርጥም። ስለዚህ ማርሹ የሚመረጠው አፋፉ ላይ ቆመህ፣ መውረድ ሳትጀምር ነው። የድሮ ሹፌሮች ያንን ዳገት በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ይላሉ። በዛሬዎቹ ጉልበታም ሞተሮች ከዚያም አንድ ዝቅ አድርግ። ፍሬኑን ደግሞ እግርህን ሳታነሳ እያሻሸህ አትውረድ። ፍጥነቱ 40 ሲደርስ ጠንከር አድርገህ ወደ 30 አውርደው፣ ልቀቀው፣ ይተንፍስ። እንደገና።

የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ የምታፈሱ ረዳቶችም ተዉ። ብረቱ የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው።

ወደ ቁጥሬ ልመለስ፣ አራተኛው የተሳቢው ጉዳይ ነበር። ግን ከእሱ በፊት ሌላ ነገር ልበል፣ ሆዴ ውስጥ አላስቀምጠውም።

ይህ መኪና ቦሎ አለው። የዘንድሮ። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አልፏል ማለት ነው። እንዴት አለፈ? ባዶውን ቀርቦ ነዋ። ባዶ ተሳቢ ሜዳ ላይ በየትኛውም ፍሬን ይቆማል። አራት መቶ ኩንታል ተሸክሞ የዓባይን በረሃ ሲወርድ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ፈተና የለም። መርማሪው ሥር ገብቶ የሸራውን ውፍረት ቢለካ፣ የፍሬን ማስተካከያውን በእጁ ቢያንቀሳቅስ፣ የታሰረ ሞላ ካለ ቢፈታ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። እኛ መካኒኮች ይህን እናውቃለን፣ መርማሪዎቹም ያውቃሉ። ወረቀቱ ግን ማኅተም አለው፤ ባለንብረቱም ማኅተሙን ይዞ «መኪናዬ ጤነኛ ነው» ይለኛል።

ደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ ያወጡ ልጆች ይመጡልኛል። የሞተር ፍሬን ማብሪያው የት እንዳለ የማያውቅ አጋጥሞኛል። የሠለጠነው ሜዳ ላይ፣ ባዶ መኪና እየነዳ ነው። እሱን መውቀስ ከባድ ነው፤ ያላስተማሩትን ከየት ያምጣው?

ደግሞ የዛሬው ዓይነት ነገር የትም አይመዘገብም። ሰው ስላልሞተ ፖሊስ አልመጣም፣ ፖሊስ ስላልመጣ ሪፖርት የለም። በታኅሣሥ 2017 ሲዳማ ቦና ላይ ሠርገኞች የጫነ መኪና ወንዝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው ሲያልቅ አገር ሁሉ አለቀሰ። ለጥቂት የተረፈውን ግን የሚቆጥር መሥሪያ ቤት የለም። አውሮፕላን ቢሆን ለጥቂት ሲተርፍ ይጻፋል፣ ይመረመራል፣ ለሌላው አብራሪ ይነገራል። የጭነት መኪና ሲሆን ጎኑን ቀጥቅጦ ቀለም መቀባት ነው። ባለንብረቱ የጠየቀኝም እሱን ነው፣ መጀመሪያ ስለ ቀለሙ።

ችኮላውም አለ። አዲስ አበባ በ2011 መጨረሻ ከባድ መኪና ቀን እንዳይገባ ከገደበች ወዲህ ሹፌሩ ለሌሊቱ ሰዓት ለመድረስ ይሮጣል። የከተማው መጨናነቅ እውነት ነው፣ ገደቡን አልቃወምም። ግን መዳረሻው ላይ ሰዓት ስትቆርጥ በረሃው ላይ ፍጥነት እየጨመርክ እንደሆነ የሚያስብ ባለሥልጣን ያስፈልግ ነበር። አፋፍ ላይ የግዴታ ማቆሚያ፣ ፍሬን ላጣ መኪና በጠጠር የተሞላ ማምለጫ መንገድ፤ እነዚህ በሌላው ዓለም ተራ ነገሮች ናቸው።

እሺ፣ ተሳቢው። ከሁሉ የከፋው እዚህ ነበር። የተሳቢው ፍሬን ከነጭራሹ አይሠራም ነበር። ተሳቢ ሁለት የአየር ቱቦ አለው። አንደኛው ታንኩን ይሞላል፣ ሁለተኛው ፔዳል ሲረገጥ ትእዛዝ ያደርሳል። የመጀመሪያው ካልተያያዘ ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቱቦው አፈሰሰ፣ ተሳቢው አልሄድ አለ። ረዳቱ የተሳቢውን ታንክ አየር አስተንፍሶ ፍሬኑን አስለቀቀው፣ ቱቦውን ደፈነው፣ ጉዞ ቀጠለ። በኋላ እንጠግነዋለን ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊተኛው መኪና ፍሬን የሁለቱንም ጭነት ብቻውን ሲይዝ ከርሟል። ባለንብረቱ ያውቅ ነበር። «ከነበረው ጋር ሲሠራ ቆይቷል» ነው መልሱ። ሲሠራ አልቆየም፣ ሲቃጠል ነው የቆየው።

ታምቡሮቹ ይቀየራሉ፣ ሸራው ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል፣ የተሳቢው ቱቦ ይያያዛል። ይህ ሳይሆን ከዚህ ግቢ አይወጣም ብዬዋለሁ፤ ሌላ ጋራዥ ልወስደው እችላለሁ ካለ መብቱ ነው፣ እኔ ግን አልፈርምም። በዚህ ቻናል ላይ ያላችሁ ሹፌሮች፣ ዛሬ ማታ ከመነሳታችሁ በፊት ረዳታችሁን ፔዳል አስረግጡና ተሳቢው ሥር ገብታችሁ የፍሬኑ ዘንግ መንቀሳቀሱን በዓይናችሁ እዩ፤ ጎማው በታኮ መያዙን አትርሱ። ካልተንቀሳቀሰ ለባለንብረቱ ደውሉ፣ የጽሑፍ መልእክትም ላኩ፣ ቀኑና ሰዓቱ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ። አልጠግንም ካለ ጭነቱን አትንኩ።