ብየዳው ነው ወይስ ወባው? የአሮጌ ላንድሮቨር ፓራውልት ከመበየዱና ከመቀባቱ በፊት

የዛሬው ነገር ጋራዥ ይጀምርና ክሊኒክ በር ላይ ያደርሰናል።

አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ሰው ፓራውልቱ ሲጣመም ወይም ዝገት ሲበላው ከሌላ መኪና የተፈታ ያገለገለ ይፈልጋል። ያስቃናል፣ ያስበይዳል፣ ያስቀባል። እሺ፣ መተማ ወይም ገንዳ ውሃ ላይ ይህን ስራ ጠዋት የሰራ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ቢለውና ትኩሳት ይዞት ቢተኛ ቤተሰቡ ምን ይላል? "ወባ ነው።" ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1985 የተመረቱት የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ቦዲያቸው አሉሚኒየም ነው፤ ፓራውልታቸው ግን ብረት ነው። ብዙዎቹ ላይ ይህ ብረት እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ዚንክ ለብሷል። ያ ደብዘዝ ያለ ግራጫ መልክ ዝገት መከላከያው ነው። ዚንኩ የብየዳ ወይም የኦክሲጅን እሳት ሲያገኘው ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል። ጭሱን የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አፉን ብረት ብረት ይለዋል፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ ያስለዋል። ከዚያ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይከተላል። በሕክምናው የብረት ጭስ ትኩሳት እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ራሱ ይለቃል። የሚገርመው ደግሞ በየቀኑ የሚበይድ ሰው ሰውነቱ ለጊዜው ይለምደዋል፤ ቅዳሜና እሁድ አርፎ ሰኞ ሲመለስ ግን እንደ አዲስ ይጥለዋል። "የሰኞ ትኩሳት" የሚል ስም ያገኘውም ለዚህ ነው።

"ታዲያ በይጄ ካተኮሰኝ ዝም ብዬ ልተኛ?" በፍጹም! መተማ የወባ አገር ነው፤ ትኩሳት ካለ የደም ምርመራ አለ፣ በቃ። ግን ሳትመረመሩ የወባ መድኃኒት ገዝታችሁ አትዋጡ። ለሚመረምራችሁ ባለሙያም "ዛሬ ዚንክ ያለው ብረት በይጄ ነበር" በሉት፤ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? ትኩሳቱ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ቆላ ካላዛር ስላለ መመርመር ያስፈልጋል፤ ሕክምናው መተማ ሆስፒታልም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይሰጣል።

ወተቱስ? በያጁም ቀለም ቀቢውም "ወተት ጠጣበት፣ ያጥበዋል" ይባላል። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ጠጡ። ግን የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ። አይገናኙም።

የሚሻለው መጀመሪያውኑ አለመበየድ ነው። የላንድሮቨር ፓራውልት ወፍራም፣ ቀጥ ያለ ብረት ስለሆነ ትንሽ ከተጣመመ ጎበዝ ባትላሜራ ያለ እሳት ያቃናዋል። መበየድ ግድ ከሆነ የሚበየደው ቦታ ዙሪያ ያለው ዚንክ ቀድሞ ይነሳ፣ ስራው ውጭ ይሁን፣ ንፋሱ ጭሱን ከፊታችሁ ወዲያ የሚወስድበት ጎን ቁሙ። የዛገውን የድሮ ብሎን በእሳት አታስለቅቁ፤ አንዳንዱ ካድሚየም የተለበጠ ነው፤ የካድሚየም ጭስ ደግሞ ከዚንክ እጅግ የከፋ ነው፣ ሳንባን አቁስሎ ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ ቀለሙ። ዚንኩ ደህና ከሆነ እኔ ብሆን አልቀባውም። በሳሙናና በብሩሽ አጥቤ በግራጫነቱ እተወዋለሁ፤ ከፋብሪካም የወጣው እንደዚያው ነው። ዝጎ ከሆነ ግን መቀባቱ አይቀርም። ከዚህ በፊት የተቀባ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ (ሊድ) ሊኖረው ይችላል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የእናንተ ፓራውልት ከዚያ በብዙ ይቀድማል። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጉት። ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ እየነከራችሁ ስሩ፣ ልጆች አይጠጉ፣ በስራው ልብስ ሕፃን አትቀፉ። እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ነው።

ተራ የዘይት ቀለም ዚንክ ላይ በቀጥታ ከተቀባ ቆይቶ ይላጣል፤ ለዚንክ የሚሆን ፕራይመር ይቅደም። ከዚያ ለአንድ ፓራውልት ባለ አንድ ጣሳ ቀለም በብሩሽ ይበቃል። ማድረቂያ (ሃርድነር) ተቀላቅሎ በኮምፕረሰር የሚረጨው ያብረቀርቃል፣ አዎ። ማድረቂያው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ ሳንባ አንዴ ከተቆጣበት ከዚያ በኋላ ጥቂቱም አስም ይቀሰቅሳል። ሙያውን የተዉ ቀቢዎች አሉ በዚህ ምክንያት። የኮቪድ ጊዜ ማስክና ሻሽ ይህን አያቆሙም፤ ለዚህ ስራ ንጹህ አየር በቱቦ የሚሰጥ መከላከያ ነው የሚመከረው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መተማ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቲነሩ ቶሎ ይተናል፣ ቀለሙ ሳይዝ ይደርቃል፣ እናንተም ላብ በላብ ሆናችሁ መከላከያውን ትጥሉታላችሁ። ማለዳ ፀሐይ እንደወጣች ጀምሩ። ማታ ላይ ደግሞ ቢንቢዋም፣ ካላዛር የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም ይወጣሉ። እጃችሁን በቤንዚን አትታጠቡ፤ ዘይትና ሳሙና ያስለቅቀዋል።

በብየዳ ወይም በቀለም ስራ መሃል፣ ወይም በዚያው ሌሊት፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከጨመቀ ወይም ሲር ሲር ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ወደ ጤና ተቋም ስትሄዱ የቀለሙንና የማድረቂያውን ጣሳ፣ ካልሆነም በስልካችሁ ያነሳችሁትን ፎቶ፣ ይዛችሁ ሂዱ።