ውሃ ውስጥ የሚራመድ ውሻ

በናይሮቢ መሃል ከተማ በትልልቅ ሆቴሎች በር ላይ መኪና የሚያሸት ውሻ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ የተመታው እዚሁ፣ ሞይ ጎዳና ከኃይለ ሥላሴ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ጥግ ነው፤ በ2013 ደግሞ ዌስትጌት የገበያ ማዕከል ተጠቃ። ፍተሻው ለሰው ደኅንነት ነው። ኮንክሪት ላይ የሚውለውን ውሻ መገጣጠሚያ ግን ማን ያስበዋል? በተለይ ጀርመን ሼፐርድ በተፈጥሮው ለዳሌ ችግር የተጋለጠ ነው።

ዳሌው ለታመመ ወይም የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ውሻ ሐኪሙ ሁለት የማይስማሙ ነገሮች ያዛል፤ እግሩ ላይ ጫና አይብዛበት፣ ጡንቻውም እንዳይሟሽሽ ይንቀሳቀስ። ሁለቱን የሚያስታርቀው ውሃ ነው።

ለዚህ የተሠራው ማሽን ግድግዳው ውስጡን የሚያሳይ፣ ወለሉ እንደ ስፖርት ቤት መሮጫ የሚሽከረከር ሣጥን ነው። ውሻው ደረቁን ገብቶ ይቆማል፣ በሩ ይዘጋል፣ 30 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ከሥር ይሞላል። ዋናው ጉዳይ ጥልቀቱ ነው። ውሃው የኋላ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ እግሮቹ ከክብደቱ 91 በመቶ ያህሉን ይሸከማሉ፤ ጉልበቱ ላይ ሲደርስ 85፣ ዳሌው ላይ ሲደርስ ግን 38 በመቶ ብቻ። 30 ኪሎ የሚመዝነው ውሻ 11 ኪሎ ገደማ ብቻ ይዞ ይራመዳል ማለት ነው። ውሃው እርምጃውን ስለሚገታው በዝግታ ቢራመድም ጡንቻው ይሠራል፤ የውሃው ግፊትም እብጠት ይቀንሳል። ጥልቀቱ ሲያንስ ደግሞ ውሻው እግሩን ከውሃ በላይ ለማንሳት ስለሚሞክር መገጣጠሚያው በደንብ ይታጠፋል።

«ታዲያ ገንዳ ውስጥ ለምን አይዋኝም?» የሚል አይጠፋም። የሚዋኝ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በፊት እግሮቹ ይቀዝፋል፤ የታመመው የኋላ እግር ሥራ ሊፈታ ይችላል። በሰኔና በሐምሌ የናይሮቢ ብርድ ያልሞቀ ገንዳ ጡንቻን ያኮማትራል። ፍሳሽ የሚገባበት የናይሮቢ ወንዝማ ከነጭራሹ አይታሰብም።

የተበላ መገጣጠሚያን ውሃ አይተካም፤ የወፈረ ውሻ ምግቡ ካልተቀነሰ ልፋቱ ከንቱ ነው። ቁስሉ ያልደረቀ፣ ልቡ የደከመ ወይም ተቅማጥ የያዘው ውሻም አይገባም። ለሌላው የመጀመሪያው ቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ እግሩን መጎተት ከጀመረ ማሽኑ ይቆማል።