ብዛትና ጥራት፦ የጎን ተልእኮዎች በክፍት ዓለም የሚና ጨዋታዎች



ዕድሜው ከሃምሳ የዘለለ የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ሊናገር መቆሙ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንዳሰኘ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ የራሴ ስሕተት ነውና ከእርሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራቂዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ሲያቀርቡ በገምጋሚነት ተጋብዤ ነበር። የሠሩት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ከሶዶ መናኸሪያ ተነሥቶ ወደ ገበያው፣ ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ቁልቁልም ወደ ሁምቦ እንደ ልቡ ይዘዋወራል። ዋናው ታሪክ ለጊፋታ በዓል ወደ ቀዬው የተመለሰ አንድ ወጣት የአባቱን የመሬት ክርክር በዕርቅ ለመቋጨት የሚያደርገው ጥረት ነበር። ከዚህ ሌላ ስድስት ትንንሽ ታሪኮች ነበሩበት። እኔ ለሩብ ሰዓት ያህል ከተመለከትሁ በኋላ “ለዚህ ሁሉ ምድር ስድስት ብቻ?” አልሁ፤ በአስተያየት ቅጹም ላይ ቁጥሩ እንዲጨምር ጻፍሁ። ተማሪዎቹ ከስድስት ሳምንት በኋላ አርባ አድርገው መጡ። አርባው ተቆጠረ፤ ጥሩ ውጤትም ተሰጠ። ጨዋታው ግን ሞቶ ነበር። እንዴት እንደ ሞተ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ የዛሬው ገለጻዬም ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ በስያሜዎቹ እንግባባ። ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ተላብሶ ንግግሩንና ውሳኔውን የሚመራበትን ጨዋታ “የሚና ጨዋታ” እንበለው። ጨዋታው ተጫዋቹን በአንድ መስመር ሳይነዳ ሰፊ ምድር ሰጥቶ “ወደ ፈለግህበት ሂድ” ሲለው “ክፍት ዓለም” ይባላል። በዚያ ምድር ላይ ዋናውን ታሪክ ለመፈጸም ግዴታ ያልሆኑ፣ ተጫዋቹ ሊቀበላቸውም ሊተዋቸውም የሚችል ሥራዎች አሉ። ወጣቶቹ “ሳይድ ኩዌስት” የሚሏቸውን እነዚህን ሥራዎች እኔ “የጎን ተልእኮ” እላቸዋለሁ። ጨዋታዎችን ስጠቅስ የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውንም ልብ በሉልኝ።

ብዛት የሚማርክበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ይቆጠራል። ሻጭ በማስታወቂያ ይጽፈዋል፤ ገምጋሚ በቅጽ ላይ ይሞላዋል። የአሜሪካው ቤተዝዳ በ1996 ያወጣው “ዳገርፎል” ከተሞችን፣ መንደሮችንና የምድር ውስጥ ዋሻዎችን ደምሮ 15 ሺህ ያህል ሥፍራዎች ነበሩት። ይህን ሁሉ በእጅ ጽፎ መጨረስ ለሰው አይቻልም። ስለዚህ አብዛኛው ምድር በኮምፒዩተር ቀመር የተፈጠረ ነበር፤ ብዙዎቹ ተልእኮዎችም ባዶ ቦታዎች ባሉበት ቅጽ የተሠሩ ነበሩ። ቅጹን እንዲህ አስቡት፦ “እገሌ የተባለ ሰው፣ እገሌ ከተባለ ቦታ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ እንድታመጣ ይፈልጋል፤ ዋጋህ ይህን ያህል ነው።” ኮምፒዩተሩ ባዶዎቹን በዕጣ ይሞላል። ይኸው ኩባንያ በ2011 ባወጣው “ስካይሪም” ውስጥ በእጅ ከተጻፉት ተልእኮዎች ጎን “ራዲያንት” የተባለ ሥርዓት አኖረ፤ አንዱን ሥራ ስትፈጽሙ ሌላ ይፈጥርላችኋል፤ ማለቂያም የለውም። ብዛት እዚህ ላይ የመጨረሻ ጫፉን ነካ። ይሁንና ከተጫዋቾች መካከል ለሃያኛ ጊዜ ወደ ዋሻ ወርዶ ያመጣውን ዕቃ ለወዳጁ የሚተርክ አላጋጠመኝም።

ጥራት ስንል ታዲያ ምን ማለታችን ነው? ረጅም ወይም የተወሳሰበ ማለት እንዳልሆነ አንድ ምሳሌ ያሳየናል። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በ2015 ባወጣው “ዊቸር 3” መጀመሪያ ላይ ጦርነት ባለፈበት መንደር አንዲት አሮጊት ከተዘጋ ቤት ደጅ ቆማ ትገኛለች። የምትፈልገው መጥበሻዋን ነው። አንድ እንግዳ ሰው ወስዶባታል። ተጫዋቹ በሩን ሰብሮ ሲገባ የሞተ ወታደር ያገኛል፤ መጥበሻውም ጥላሸቱ ተፍቆ ጸድቶ ይታያል። እንግዳው ጥላሸቱን የፈለገው የጽሕፈት ቀለም ሊሠራበት ኖሯል። አንድ ሰው በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ተደብቆ በምስጢር ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ተልእኮው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ አሮጊቷ መጥበሻዋን ተቀብላ ትሄዳለች።

የእኛ ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ይበጥብጡ እንደ ነበር የምናውቅ ሰዎች ይህን ትዕይንት ስናይ ልባችን በቶሎ ይረዳዋል። ነገር ግን ማንም ቢሆን ሊያየው የሚገባው አሠራሩን ነው። በቅጹ ከመዘንነው ይህ “ዕቃ አምጣ” ከሚባለው ተራ ሥራ አይለይም። ሰጪ አለ፤ ቦታ አለ፤ ዕቃ አለ፤ ዋጋ አለ። ልዩነቱ ዕቃው ራሱ መናገሩ ነው። ተጫዋቹ መጥበሻ ፍለጋ ገብቶ ጦርነት ተራውን ቤት እንዴት እንደሚያንኳኳ አይቶ ይወጣል። ዋናው ታሪክ የሚተርከው ጦርነት በዚህች ትንሽ ሥራ መጠን ይለካለታል።

ይህ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አዲስ ነገር አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” አስቡ። የገበሬዎቹ አመፅ ከበዛብህና ከሰብለ ፍቅር ውጭ የቆመ ታሪክ ይመስላል። እርሱን አውጥታችሁ ብትጥሉት ግን ሁለቱን ፍቅረኞች የለያየው ሥርዓት በገበሬው ጫንቃ ላይ ምን ያህል ይከብድ እንደ ነበር ሳይታይ ይቀራል። የጎን ታሪክ ቦታው የሚገባው ዋናውን ታሪክ የምናይበትን ዐይን ሲለውጥ ነው። በጨዋታ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ግዴታ አለበት፦ ተጫዋቹ የወሰነውን ዓለሙ ማስታወስ ይገባዋል።

ብዛት ጥራትን የሚጎዳው በዚህ በትውስታ በኩል ነው። ስሌቱን እንየው። አንድ ተልእኮ ሁለት ዓይነት ፍጻሜ ቢኖረውና ዓለሙ የትኛው እንደ ተፈጸመ ቢያስታውስ፣ ሁለት ዓለማት አሉን ማለት ነው። ስድስት እንዲህ ያሉ ተልእኮዎች 64 ዓለማትን ይፈጥራሉ። አሥር ቢሆኑ 1,024 ይደርሳሉ። አርባ ሲሆኑ ቁጥሩ ከአንድ ትሪሊዮን ያልፋል። ይህን ሁሉ ፈትሾ የሚጨርስ ቡድን የለም። ስለዚህ ተልእኮ ባበዛን ቁጥር እያንዳንዱን ከሌላው ማጠር ግድ ይሆንብናል፤ አንዱ ሌላውን እንዳይነካ፣ ሰፈሩ እንዳያውቀው፣ ዋናው ታሪክም እንዳይሰማው እናደርጋለን። እንዲህ ሲሆን ዓለሙ የሚረሳ ዓለም ይሆናል። ልጁን ያዳናችሁለት አባት በማግሥቱ እንደ እንግዳ ሰላም ይላችኋል። ብዙዎች ይህን የደራሲ ስንፍና ያደርጉታል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የብዛት ዕዳ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ለብዛት የሚከራከሩ ሰዎችን ሐሳብ ሳላነሣ ባልፍ ፍትሕ አጓድላለሁ። ባዶ ምድር ክፍት ዓለም አይባልም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2017 ያወጣው “ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ” በየድንጋዩ ሥርና በየዛፉ ጫፍ 900 ትንንሽ የጫካ ፍጡራን ደብቋል። የዕቃ መያዣችሁን እስከ መጨረሻው ለማስፋት 441 ዘሮች ይበቋችኋል፤ ዘጠኝ መቶውን ሁሉ ለለቀመ የሚሰጠው ሽልማት ደግሞ ለቀልድ የተሠራ ነገር ነው። ሠሪዎቹ “ሁሉንም እንድታገኙ አልፈለግንም፤ የትም ብትሄዱ አንድ ነገር እንዲገጥማችሁ ብለን ነው” ያሉን ያህል ነው። እዚህ ላይ ብዛቱ ለመንገደኛው ዐይን ተበትኗል፤ ማንም ሥራ ብሎ አላዘዘበትም።

በተቃራኒው የካናዳው ባዮዌር በ2014 ባወጣው “ድራገን ኤጅ፦ ኢንኩዊዚሽን” ተጫዋቹ ገና በመጀመሪያ የሚደርስበት ሰፊ አውራጃ ዕፅ በመሰብሰብና ሥጋ በማደን በመሰሉ ሥራዎች ተሞልቶ ነበር። ሥራዎቹ በዝርዝር ስለ ተጻፉ ብዙዎች ሁሉንም ሳይጨርሱ መውጣት እንደ ግድፈት ታያቸውና በዚያው ሰለቹ። ተጫዋቾችም እርስ በርሳቸው “ከዚያ አውራጃ ቶሎ ውጡ” መባባል ጀመሩ። ጨዋታው ብዙ የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ሆኖም ተጫዋቹ የተሻለውን ክፍል ለማየት ከፊሉን መሸሽ ነበረበት። እንግዲህ ለዐይን የተበተነ ነገር ቢበዛ ምድሪቱን ያበለጽጋል። የሰው ስምና ችግር ተለጥፎበት በዝርዝር የገባ ሥራ ሲበዛ ግን ሰዉንም ችግሩንም ያረክሳል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ ጥያቄው ለእኛ ከሌሎች ይልቅ ይከብዳልና። በ2016 የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ “ኦሪዮን” የተባለውን የሚና ጨዋታ በአፍሪካውያን ባህል ላይ መሥርቶ ከያውንዴ ለዓለም አቀረበ። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠዋን ዶሮ የሚተርከውን “ኩኩሉ”ን እንዲሁም ገበጣን በስልክ አቅርቦልናል። እነዚህ ሥራዎች ትናንሽ ቡድኖች የራሳቸውን ነገር ይዘው መቆም እንደሚችሉ ያሳያሉ። በብዛት ልንወዳደር ብንወጣ ግን መቶዎች ከሚቀጠሩበት ኩባንያ ጋር ነው የምንሽቀዳደመው፤ ሩጫው ሳይጀመር አልቋል።

የተጫዋቹንም ኑሮ አስቡ። በከተማችን ፕሌይስቴሽን ቤት የሚገባ ወጣት የሚከፍለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። መብራት ሊጠፋ ይችላል። ያልተቀመጠ ጨዋታም ከመብራቱ ጋር ይሄዳል። እንዲህ ላለው ሰው ባዶ ተልእኮ የኪስ ገንዘቡን የሚበላ ነገር ነው። ሠሪው “ብዙ ሰጠሁህ” ሲል፣ ተጫዋቹ የሰጠውን ሰዓት የማስላት ግዴታ አለበት።

ወደ አራቱ ተማሪዎች ልመለስና ልፈጽም። ከተመረቁ በኋላ አንደኛውን በከተማው አገኘሁትና ስለ ጨዋታው ጠየቅሁት። “ዶክተር፣ ስልኩ እኮ ይጠራ ነበር” አለኝ። የትኛው ስልክ አልሁት። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ታሪኮች የአንዱን ነገር አጫወተኝ።

በሁምቦ መንገድ ዳር አንዲት እናት ተጫዋቹን አስቁመው ስልካቸውን ከተማ ወስዶ ቻርጅ እንዲያደርግላቸው ይለምኑታል። ድምፃቸው በወላይትኛ የተቀረጸ ነበር፤ የተናገሩት የአንደኛው ተማሪ አክስት ናቸው። ተጫዋቹ ሶዶ ወጥቶ ጥቂት ብር ከፍሎ ስልኩን አስሞልቶ ይመለሳል። በመመለሻው መንገድ ላይ ስልኩ ይጠራል። ደዋዩ አዲስ አበባ ሊስትሮ ሊሠራ የሄደው ልጃቸው ነው። ተጫዋቹ ሊያነሣውም ሊተወውም ይችላል። ካነሣው ልጁ ለጊፋታ እንደማይመጣ ይነግረዋል፤ ገንዘብ አልሞላለትም፤ ለእናቱ ግን “መንገድ ላይ ነው በላቸው” ይለዋል። ከዚያ በኋላ ለእናትየው ምን እንደሚባል የተጫዋቹ ፈንታ ነው። በጨዋታው ፍጻሜ፣ ቂም በሚሻርበትና ዕዳ በሚከፈልበት በዚያ በዓል፣ የእናትየው ደጅ ይታያል። እውነቱ ከተነገራቸው ከጎረቤት ጋር ተቀምጠዋል። ካልተነገራቸው ለልጃቸው ቦታ ለቀው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

“እርስዎ ያዩት ሩብ ሰዓት ነው፤ ስልኩ እስኪጠራ አልቆዩም” አለኝ ተማሪው በትሕትና። አርባ እንዲሆኑ ባዘዝሁ ጊዜ ሠላሳ አራቱን ለመጨመር ቅጽ አበጁ። ስልክ ቻርጅ ማድረግ ራሱ አምስት ቦታ ተደገመ። ጥሪው ከሌሎቹ ጋር እየተጋጨ ጨዋታውን ስላስቆመባቸው አወጡት። ለሌሎቹ ድምፅ የሚቀርጹበት ጊዜ ስላልነበረ የአክስትየውም ድምፅ እንዲመሳሰል ተብሎ ተነሣ። እናትየው ስልካቸውን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ ሃያ ብር ሰጥተው ይሸኙታል። እኔም ይህንን ቆጥሬ ውጤት ሰጠሁ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብልኝ ስንት ተልእኮ እንዳለው አልጠይቅም። ከመካከላቸው አንዱን ራሴ እስከ ፍጻሜው እጫወትና ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ቢወጣ ከዋናው ታሪክ ምን ይጎድላል? ተጫዋቹ የወሰነውን ከዚያ በኋላ ማን ያስታውሰዋል? ለሁለቱ መልስ ያላቸው ሦስት ተልእኮዎች የያዘ ተማሪ ሥራውን ሠርቷል። አርባ ይዞ መልስ ያጣ ተማሪ ቢመጣ ደግሞ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ከመጫኔ በፊት አርባውን ማን እንደ ጠየቀው አጣራለሁ። መምህራን ባልደረቦቼ የምንሞላውን ቅጽ በዚህ ዐይን እንድትመለከቱት አደራ እላለሁ።