የተቃጠለ የውሃ ሞተር እንዴት ይጠቀለላል?

በበጋ ወራት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ኑሮው ከውሃው ጋር የታሰረ ነው። በመቂና በባቱ አካባቢ ያለ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ጉድጓዱ ውሃ እያለው፣ መብራቱም ሳይጠፋ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ብቻ ዝም ያለ እንደሆነ ቡቃያው በጥቂት ቀን ይጠወልጋል። ያን ጊዜ ሰው ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው ደግሞ የተጠየቀውን ይከፍላል። ስለዚህ ሞተር ተቃጠለ ሲባል ምኑ እንደሚቃጠልና እንዴት እንደሚታደስ ማወቅ ይጠቅማል።

እዚህ የምንነጋገረው በቤት መብራት፣ ማለትም በ220 ቮልት ስለሚሠራው ትንሽ ሞተር ነው። ባለ አንድ ፌዝ ሞተር ይባላል። ነጋዴዎች ሲንግል ፌዝ ይሉታል።

ሞተሩ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከቀፎው ጋር የተጣበቀና የማይንቀሳቀስ ነው። ስስ የብረት ቅጠሎች ተደራርበው የተሠራ ሲሆን ውስጡ ቦይ ቦይ አለው። በቦዮቹ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይህ ክፍል ስታተር ይባላል። ሁለተኛው መሐል ገብቶ የሚዞረው ነው፤ ስሙም ሮተር ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ስታተሩ ማግኔት ይሆናል፤ ሮተሩንም ያዞረዋል። ሮተሩ ግን ከውጭ ምንም ሽቦ አይገባበትም። ታዲያ እንዴት ይዞራል? የስታተሩ ማግኔት ሲለዋወጥ በሮተሩ ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጠር ነው። ማግኔት ሲንቀሳቀስ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ያሳየው ማይክል ፋራዳይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው የአንጥረኛ ልጅ ነበር። ብዙ ትምህርት ቤት አልገባም። በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተቀጥሮ፣ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ነው ሳይንስን የጀመረው።

ወደ ሽቦው እንመለስ። የሞተር ሽቦ ራቁቱን አይደለም። በጣም ስስ በሆነ ልባስ ተሸፍኗል። ሞተር ተቃጠለ ሲባል የተቃጠለው ይህ ልባስ ነው። ልባሱ ሲነድ ሽቦ ከሽቦ ይነካካል፤ ኤሌክትሪኩም አቋራጭ መንገድ ይዞ ይሄዳል። ብረቱ፣ ቀፎውና ዘንጉ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። ሞተርን መልሶ መጠቅለል የሚቻለው ለዚህ ነው።

ጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዋናው ጥቅል፣ ሌላው ማስነሻው ነው። ዋናው ብቻውን ቢሆን ሮተሩን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል እንጂ ከቆመበት አያስነሳውም። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ የአንደኛዋ ዘነዘና ሲወርድ የሌላይቱ ይነሣል። ማስነሻውም እንዲሁ ከጎን ሆኖ፣ በሌላ ጊዜ ይገፋል። ጊዜውን የሚያለያየው ካፓሲተር የሚባለው፣ ጣሳ የሚመስል ትንሽ ዕቃ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ያልተነሣ ሞተር ሁሉ የተቃጠለ አይደለም። ሞተሩ እያጉረመረመ አልነሣ ካለ፣ የማረር ሽታም ከሌለው፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው። ካፓሲተር ደግሞ ከጥቅለላ እጅግ ርካሽ ነው። ሳይታይ “ይጠቅለል” የሚል ባለሙያ ካጋጠመ፣ መጀመሪያ ካፓሲተሩን ይለካልን ማለት ነውር የለውም። ብቻ ካፓሲተር መብራቱ ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጫፉን በእጅ መንካት አደገኛ ነው።

የሚያጉረመርም ሞተር ወዲያው መጥፋት አለበት። ቆሞ ሳለ ብዙውን ጊዜ ከተለመደው ከ4 እስከ 7 እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ኤሌክትሪኩ 5 እጥፍ ሲሆን በሽቦው ላይ ያለው ሙቀት 25 እጥፍ ይሆናል። “እስቲ ትንሽ እንየው” እያሉ ማቆየት ደህናውን ጥቅል ያሳርረዋል።

ጥቅሉ በእርግጥ ካረረስ? ገበሬው ራሱ ፈቶ ይጠቅልል አንልም። ሥራው ሙያ ይጠይቃል። ነገር ግን ሥራው በምን እንደሚበላሽ አውቆ መቆም ይቻላል።

ትልቁ ነገር አሮጌው ሽቦ ከመቆረጡ በፊት የሚደረገው ቆጠራ ነው። ባለሙያው ቦዮቹን ይቆጥራል። የትኛው ጥቅል ከየትኛው ቦይ ተነሥቶ የት እንደሚገባ በወረቀት ይሥላል። በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ሽቦው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥራል። የሽቦውን ውፍረት በመለኪያ ይለካል። ይህ ሁሉ መጻፍ አለበት። በቃል የተያዘ ቁጥር ማታ ይረሳል።

ውፍረቱ በዓይን አይገመትም። 0.60 ሚሊ ሜትር የነበረው ሽቦ በ0.55 ቢተካ ማንም አይለየውም። መዳቡ ግን ከመቶ 16 እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይግላል። ዙሩን የሚቀንሱም አሉ፤ ያም ያግላል። ከሁሉ የከፋው በመዳብ ፈንታ የአሉሚኒየም ሽቦ ማስገባት ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን የመዳብን ያህል አያሳልፍም። ላዩ ቀለም ስለተቀባ መዳብ ይመስላል። ሽቦውን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ከሆነ አይደለም። አሮጌውን ሽቦ አስመዝኖ መያዝም ደግ ነው፤ አዲሱ መዳብ ከአሮጌው ብዙ ማነስ የለበትም።

አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት ስታተሩን እሳት ላይ የሚጥሉ አሉ። ይህ መጥፎ ልማድ ነው። በብረት ቅጠሎቹ መካከል ያለው ስስ መለያ ሲቃጠል ብረቱ ራሱ መጋል ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ጥሩ ሽቦ ቢጠቀለልበት አይጠቅምም።

ከዚያ ቦዮቹ ይጸዳሉ፤ ሙቀት የሚችል ወረቀት ይገባባቸዋል፤ ጥቅሉም በቦታው ይገባል፤ ጫፉ በክር ይታሰራል። በመጨረሻ ቫርኒሽ ይጠጣል። ቫርኒሹ ሽቦዎቹን አጣብቆ ከመንቀጥቀጥና ከእርጥበት ይጠብቃቸዋል። በምድጃ የሚደርቅ ዓይነት ከሆነ ፀሐይ አይበቃውም። ሰው እየቸኮለ ሳይደርቅ ይወስደዋል፤ እየቸኮለም ይመልሰዋል።

ሌላው ጥያቄ ምን አቃጠለው የሚለው ነው። ይህ ካልታወቀ አዲሱም ጥቅል ይነዳል። ኩሽኔታው አልቆ ሮተሩ ስታተሩን እየፋቀ ሊሆን ይችላል። ጎማው አርጅቶ ውሃ ወደ ሞተሩ ገብቶ ይሆናል። አሸዋ ፓምፑን አንቆት ይሆናል። ሽፋን ብለው በጆንያ ጠቅልለውት ነፋስ አጥቶም ይሆናል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን ገመዱን ነው። ከቤት እስከ ጉድጓድ በቀጭን ገመድ ሲወሰድ 220 የነበረው ቮልት መንገድ ላይ ይቀንሳል። ቮልት ያነሰው ሞተር ውሃውን ለመሳብ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ይግላልም። ስለዚህ ገመዱ እንደ ርቀቱ ወፍራም መሆን አለበት። የመሬት ሽቦውም አይረሳ፤ እርጥብ መሬት ላይ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል።

ሞተሩን ስትረከቡ በባዶ ሲዞር አይታችሁ አትመለሱ። ከበርሜል ውሃ እየሳበ ይሞከር። ባለሙያው የሚስበውን አምፔር ይለካላችሁ፤ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ራሳችሁ አስተያዩት። ከሰሌዳው በላይ ከሆነ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይከፈትና ይታይ።