በራስ መተማመን ወደ ትምክህት ሲለወጥ፦ የተለማማጅ ሐኪሞች ባህርይና የሕሙማን ደኅንነት

የሕክምና ሙያ በራስ መተማመንን የግድ ይላል። በደቂቃዎች ውስጥ በሰው ሕይወት ላይ ውሳኔ የሚሰጥ ሐኪም በዕውቀቱና በእጁ ሊተማመን ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ መተማመን ልኩን አልፎ ወደ ትምክህት ሲለወጥ ጉዳቱ ለሕሙማን ይተርፋል።

ራስን ከመጠን በላይ ማግዘፍን፣ አድናቆትን ያለማቋረጥ መሻትንና ለሌላው ስሜት ደንታ ቢስ መሆንን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «ናርሲሲዝም» ይሉታል። ስያሜው በውኃ ላይ ባየው የራሱ መልክ ከተማረከው የግሪክ አፈ ታሪክ ወጣት ናርሲሰስ የተወሰደ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መመሪያ ከስብዕና መታወክ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። አሁን በሚሠራበት መመሪያ መሠረት መታወክ ነው የሚባለው ከ9 መለያዎች ቢያንስ 5ቱ ሲሟሉ ነው። በመሆኑም አንድ ተለማማጅ ሐኪም ኩራተኛ ስለሆነ ብቻ የስብዕና መታወክ አለበት ሊባል አይችልም።

ባህርዩን የሚያጎለብተው ብዙውን ጊዜ የሥልጠናው አካባቢ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ፍሬደሪክ ሃፈርቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ «ስውር ሥርዓተ ትምህርት» ስላሉት ጉዳይ አስረድተዋል። ተማሪው በክፍል ስለ ትሕትና ቢማርም፣ በሕሙማን ክፍል አለቃው ነርሷን ሲያመናጭቅ ካየ የሚቀስመው ያየውን ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሥርዓት መዘዝ በእንግሊዝ አገር በግልጽ ታይቷል። በብሪስቶል ሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል በሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ የተካሄደው ምርመራ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ከአንድ ዓመት በታች የሆኑ ከ30 እስከ 35 የሚደርሱ ሕፃናት ከሚጠበቀው በላይ መሞታቸውን ሪፖርቱ አመልክቷል። አንድ የማደንዘዣ ሐኪም አስቀድመው ሥጋታቸውን ቢያሰሙም ሰሚ አላገኙም። ሪፖርቱ ሠራተኞቹ ለሥራቸው ትጉ እንደነበሩ ገልጾ፣ ሥልጣን በጥቂት ሰዎች እጅ መከማቸቱን ነቅፏል።

መፍትሔውም የሌላውን ድምፅ በአሠራር ማስከበር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ያዛል። ታንዛኒያን ጨምሮ በ8 አገሮች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ጥናት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ ተመዝግቧል።

ስለዚህ የጤና ተቋማት ኃላፊዎች ሠልጣኞችን በፈተና ውጤት ብቻ ሳይሆን ነርሶችን፣ የሥራ ጓደኞቻቸውንና ሕሙማንን በሚይዙበት አኳኋን ጭምር ሊመዝኗቸው ይገባል። ስሕተትን የሚጠቁም የበታች ሠራተኛ የሚደመጥበት ተቋም ለሠልጣኙም ለታማሚውም ዋስትና ነው።