ቦሌ ጠበበ፣ አቡሴራ ተጀመረ

ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚተራመሰው መንገደኛ አብዛኛው አዲስ አበባን ሳያይ የሚያልፍ ነው። ከሀራሬ፣ ከሉሳካ፣ ከኪንሻሳ የመጣው ሰው ሻንጣውን እየጎተተ የበር ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ ይፈልጋል፤ አንዱ ወደ ጓንግዡ፣ ሌላው ወደ ፍራንክፈርት፣ ሌላው ወደ ዱባይ ነው። ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ደግሞ ጉዞው ይገለበጣል፤ ሌሊቱን ከአውሮፓና ከእስያ ሲበሩ ያደሩት አውሮፕላኖች ይገቡና መንገደኞቻቸው ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንጀራውን የሚያገኘው በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 30 አውሮፕላኖች ተከታትለው ገብተው፣ መንገደኛ ተለዋውጠው፣ ወደ 30 ሌሎች ከተሞች ቢነሱ 900 ዓይነት ጉዞ ይፈጠራል። 40 በ40 ሲሆን 1,600 ይደርሳል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ አየር መንገድ ትልቁ ሀብት ብዙ አውሮፕላኖችን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ማገናኘት መቻሉ ነው። ቦሌን የከበደውም ይኸው ነው። ሁለት መንደርደሪያዎች አሉት፤ ነገር ግን ጎን ለጎን ተቀራርበው ስለተዘረጉ ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ የሌላውን ተራ ሳይጠብቅ በአንድ ጊዜ ሊያርፉባቸው አይችሉም። ለዚያ በመካከላቸው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ያስፈልጋል።

ያን ያህል መሬት ደግሞ ቦሌ ላይ የለም። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሜዳው ልደታ ነበር፤ ኦልድ ኤርፖርት የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። የጄት ዘመን ሲመጣ ልደታ አጠረና በ1950ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ተተካ። ያኔ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር። ዛሬ ገርጂ፣ ቦሌ ሚካኤልና ቡልቡላ ከበውታል። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የተርሚናል ማስፋፊያ አቅሙን በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን መንገደኛ ቢያሳድገውም የሰፋው ሕንፃው እንጂ ሜዳው አይደለም።

ከጥበቱ ሌላ አንድ የተፈጥሮ ችግር አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ከቆላ የመጣ ሯጭ ደጋ ላይ እንደሚያለከልክ ሞተሩም የሚስበው አየር ያንሰዋልና ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም በሳሳ አየር ላይ የሚደገፈው ፍጥነት ሲጨምር ብቻ ስለሆነ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ረጅም መንገድ፣ በከፍተኛ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ጎማው ደግሞ ሊያልፈው የማይችለው የፍጥነት ልክ አለው። ፀሐይ በበረታበት ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይብሳል። ያለው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው፤ ወይ ጭነት ይቀራል፣ ወይ ነዳጅ።

አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን በራሱ ጉዞ ያውቀዋል። ከዋሽንግተን የሚነሳው አውሮፕላን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳ ነዳጁን ሞልቶ ቦሌ ድረስ አንድ ጊዜ ይበራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ ግን ለዓመታት ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ቆሞ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። ፊት ለፊት የሚመታው ነፋስ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት ከፍታው ነው።

ጥበቱንም ከፍታውንም ለማቃለል የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ አቡሴራ በተባለ ቦታ ነው። ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ልዩነት አየሩን ከ4 እስከ 5 በመቶ ያወፍረዋል። ትንሽ ይመስላል፤ ሲነሳ 350 ቶን ለሚመዝን ቦይንግ 777 ግን ብዙ ቶን ጭነት ነው። ችግሩን ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም፤ አቡሴራም ቢሆን ደጋ ነው።

መሠረተ ድንጋዩ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ተጥሏል። ወጪው 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲያልቅ ታቅዷል። በዚያ ምዕራፍ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሁለት መንደርደሪያዎችና በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ ተርሚናል ይኖራሉ፤ ሁሉም ሲጠናቀቅ አራት መንደርደሪያዎች፣ 270 አውሮፕላን ማቆሚያዎችና 110 ሚሊዮን መንገደኛ። ንድፉን ያወጣው የዛሃ ሐዲድ የአርክቴክቶች ድርጅት ተርሚናሉን በአንድ ረጅም መተላለፊያ ዙሪያ አደራጅቶታል፤ ሐሳቡን የወሰደው ከስምጥ ሸለቆ ነው። ከመንገደኛው 80 በመቶ ያህሉ ትራንዚት ይሆናል ተብሎ ስለተገመተ ከፍተሻው ክልል ሳይወጣ የሚያድርበት ሆቴል ውስጡ ተካቷል። ያ ወለል ላይ የሚቀመጠው መንገደኛ በንድፉ መታሰቡ ደስ ይላል።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። አቡሴራ ያለበት የአዳ ምድር በማኛ ጤፉ ስሙ የተጠራ ነው። ጥቁሩ የመረሬ አፈር በክረምት አብጦ በሬ የሚያሰምጥ፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ለገበሬው ሀብት፣ ለመሐንዲሱ ራስ ምታት ነው። ከባድ አውሮፕላን የሚያርፍበት መንደርደሪያ ሊነጠፍበት አይችልም፤ ተቆፍሮ ወጥቶ በጠንካራ አፈርና ድንጋይ ይተካል። በዚያው መሬት ላይ ይኖሩ የነበሩ ከ2,000 በላይ አባወራዎች የልማት ተነሺ ሆነዋል። ቤት ተሠርቶ መሰጠቱ፣ ካሳ መከፈሉ ተገቢ ነው። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ ጤፍ ሲዘራ የኖረ ሰው የካሳው ብር ሲያልቅ ምን ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ቤት ብቻ አይመልሰውም።

ጃፓን ይህን በውድ ዋጋ ተምራለች። የቶኪዮው ናሪታ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲወሰን ገበሬውን ያማከረ አልነበረም። ሕይወት የጠፋበት ትግል ተከተለ፤ ማረፊያው የተከፈተው በ1978፣ ያውም በአንድ መንደርደሪያ ነበር። ሁለተኛው በ2002 ሲከፈት መሬታቸውን ያልሸጡ ገበሬዎች ስለነበሩ ከታቀደው አጥሮ 2,180 ሜትር ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ1995 ይቅርታ ጠይቀዋል።

ካናዳ ደግሞ ሌላ ስሕተት ሠርታለች። ከሞንትሪያል 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተው ሚራቤል ለዓለም አቀፍ በረራ ብቻ ተመደበ፤ የአገር ውስጡ በአሮጌው ዶርቫል ቀረ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር መንገደኛው በመኪና መጓዝ ነበረበት። ቃል የተገባለት ፈጣን ባቡር አልመጣም። አየር መንገዶቹ ወደ ቶሮንቶ ዞሩ፤ የመጨረሻው የመንገደኛ በረራ በ2004 ተነሳ፤ ተርሚናሉም ከአሥር ዓመት በኋላ መፍረስ ጀመረ።

ለእኔ የአቡሴራ ዕጣ የሚወሰነው በሕንፃው ውበት አይደለም። ከትራንዚቱ ውጭ የሚቀረው 20 በመቶ ከ60 ሚሊዮን ሲሰላ 12 ሚሊዮን ሰው ነው፤ ይህ ሁሉ ሕዝብ አዲስ አበባ መግባትና ከአዲስ አበባ መውጣት አለበት። በዚያ ላይ የመሸኘትና የመቀበል ባህላችንን ጨምሩበት፤ አንድ መንገደኛ ለመቀበል አንድ ሚኒባስ ሙሉ ቤተሰብ ይመጣል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከጅዳ ወይም ከቤሩት የደረሰች የቤት ሠራተኛ 40 ኪሎ ሜትር ለታክሲ የምትከፍለው ከወራት ልፋቷ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ብቻውን ይህን አይሸከምም። በዕቅዱ ውስጥ ፈጣን የባቡር መስመር አለ፤ ዕቅድ ሆኖ እንዳይቀር፣ ሌሊትም እንዲሠራ፣ ዋጋውም ለዚያች ሠራተኛ የሚቻል እንዲሆን ዛሬ በውል መታሰር አለበት። ኃላፊዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው አውሮፕላን አቡሴራ ላይ ከማረፉ በፊት የመጀመሪያው ባቡር ይነሳ፣ ተነሺው ገበሬም ቋሚ መተዳደሪያውን ይያዝ።